የሃርድ ዲስክ ክፍልፍል ለውጥ ከመጽናቱ በፊት ሊቀለበስ ይችላል

ነቀምቴ፦ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝባቸው በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ፣ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሚጫንበት ወቅት የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል።

ዴቢያን የተሰኘው ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጫን በክፍልፍሎች ላይ የታዘዘው ለውጥ ወዲያውኑ በዲስኩ ላይ አይጻፍም። ተጠቃሚው የመጨረሻውን ማረጋገጫ እስካልሰጠ ድረስ ለውጡን የመቀልበስ አማራጭ አለው። የነባር ክፍልፍልን መጠን መለወጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ መጫኛው ቀደም ሲል የታዘዙት ለውጦች አስቀድመው እንዲጻፉ ያስገድዳል፤ ይህም አይቀለበስም። በዚህ መሐል መብራት ቢቋረጥ ሰነዶች ሊጠፉ ስለሚችሉ አስቀድሞ በሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪውን ሞልቶ መጀመር ያስፈልጋል።

በዊንዶውስ መጫኛ እንዲጠፋ የታዘዘ ክፍልፍል ማረጋገጫው እንደተሰጠ ወዲያው ይጠፋል።