በመስቀለኛ ጥልፍ የሚሠሩ የገና ጌጦች

በመስቀለኛ ጥልፍ የሚሠሩ የገና ጌጦች በገና ዛፍ፣ በበር ወይም በመስኮት ላይ የሚንጠለጠሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ መዳፍ የማይበልጡ የጥልፍ ሥራዎች ናቸው። በተለይ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተለመዱ ሲሆኑ፣ በብዙ ቤተሰብ በየዓመቱ አንድ ሁለት እየተጨመረባቸው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉ ስብስቦች ይሆናሉ።

አንድ ጌጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ምስሉን በጨርቅ ላይ መጥለፍ ነው። ሁለተኛው የተጠለፈውን ጨርቅ ቆርጦ፣ ገበር አልብሶና ማንጠልጠያ ገጥሞ ጌጥ ማድረግ ሲሆን ይህ አጨራረስ ይባላል። ጥልፉ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ነገር ግን ስህተት ቢገኝ ክሩን ፈትቶ ማረም ይቻላል። በአጨራረስ ጊዜ ጨርቁ በመቀስ ስለሚቆረጥ ስህተቱ አይመለስም። ብዙ የተጠለፉ ጨርቆች ሳይጨረሱ በመሳቢያ ውስጥ ከሚቀሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ስያሜና አሠራር

ጥልፉ መስቀለኛ የተባለው እያንዳንዱ ስፌት ሁለት ሰያፍ ክሮች መሐል ላይ ተቋርጠው እንደ ማባዣ ምልክት ስለሚሆኑ ነው። ስያሜው ከመስቀል በዓል ጋር ግንኙነት የለውም። የላይኛው ክር በሁሉም ስፌቶች ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያጋድል ይደረጋል፤ ካልሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ጥልፉ ዥንጉርጉር ሆኖ ይታያል።

ለሥራው የሚመረጠው ድሩና ማጉ እኩል የሆነ ጨርቅ ነው። እኩል ካልሆኑ ክብ የነበረው ምስል ሞላላ ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው አይዳ የተባለው የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ ክሮቹ በጥቅል በጥቅል ስለተሸመኑ ካሬዎቹና በማዕዘናቸው ያሉት ቀዳዳዎች በግልጽ ይታያሉ። ምስሉ በጨርቁ ላይ አይሳልም። ጥልፍ ሠሪው በወረቀት ላይ ካለው ባለ ካሬ ንድፍ እየቆጠረ ይሠራል።

የጨርቁ ቁጥር በአንድ ኢንች (2.54 ሴንቲ ሜትር) ውስጥ ያሉትን ካሬዎች ብዛት ያመለክታል። ስለዚህ የጌጡን መጠን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ ወርዱ 42 ስፌት የሆነ ንድፍ በ14 ቁጥር አይዳ ላይ 7.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ18 ቁጥር ላይ ወደ 5.9 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። የተለመደው የጥልፍ ክር ከስድስት ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው፤ በ14 ቁጥር አይዳ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ብቻ ተለይተው ይጠለፍባቸዋል።

ታሪክ

የእነዚህ ጌጦች ታሪክ ከሁለት ልማዶች መገናኘት የመጣ ነው። አንደኛው ሳምፕለር የሚባለው የመለማመጃ ጥልፍ ነው። በአውሮፓ ሴቶችና ልጃገረዶች የስፌት ዓይነቶችን፣ ፊደላትንና ምስሎችን በአንድ ጨርቅ ላይ እየጠለፉ ይማሩና ይመዘግቡ ነበር። ዓመቱ ከተጻፈባቸው የብሪታንያ ሳምፕለሮች ቀዳሚው ጄን ቦስቶክ በ1598 እ.ኤ.አ. የጠለፈችው ሲሆን፣ አሁን በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ በበርሊን የታተሙ ባለ ቀለም ካሬ ንድፎች በብዙ አገር ተሠራጩ። በዚህም ምክንያት ሥዕል መሳል የማይችል ሰው ንድፉን በመቁጠር ብቻ ምስል መጥለፍ ቻለ።

ሁለተኛው ልማድ የገና ዛፍ ነው። ልማዱ የመጣው ከጀርመን አገር ነው። በ1848 እ.ኤ.አ. ንግሥት ቪክቶሪያና ልዑል አልበርት ከልጆቻቸው ጋር በዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚያሳይ ሥዕል በለንደን ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ በብሪታንያ ይበልጥ ተስፋፋ። ሥዕሉ ተለውጦ በ1850 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት ላይ ታተመ። በጀርመን በቱሪንጊያ ክፍለ ሀገር ላውሻ በተባለች ከተማ የሚነፉት የመስታወት ኳሶች ከመብዛታቸው በፊት ዛፉ ያጌጥ የነበረው በፖም፣ በለውዝ፣ በጣፋጭና በወረቀት ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተለይ በአሜሪካ ባለ ቁጥር መስቀለኛ ጥልፍ እንደገና ሲስፋፋ፣ ለዛፍ የሚሆኑ ትናንሽ ንድፎች በብዛት ተዘጋጁ። ጀስት ክሮስ ስቲች የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በየዓመቱ ስለ ገና ጌጦች ብቻ የሚሆን ልዩ እትም በማውጣት ይታወቃል።

አጨራረስ

ከመቁረጥ በፊት ጥልፉ ይታጠባል፤ የእጅ ቅባት ከጊዜ በኋላ ጨርቁን ያወይባልና። እጥበቱ በቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ በሆነ ሳሙና ነው። ቀይ ክር ቀለሙን የመልቀቅ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ በውኃው ውስጥ ቀለም ከታየ ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠቡ ይቀጥላል፤ ቀለሙ ሳይለቅ ጨርቁ እንዲደርቅ አይተውም። ጨርቁ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፤ ከዚያም ጥልፉ ወደ ታች ሆኖ በፎጣ ላይ ይተኮሳል። እንዲህ ሲሆን ካውያው ስፌቶቹን አይደፈጥጣቸውም።

የተለመዱት የአጨራረስ ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው።

የትራስ አጨራረስ፦ ጥልፉና ገበሩ ፊት ለፊት ተጋጥመው ዙሪያቸው ይሰፋል፤ ለመገልበጫ የምትሆን ትንሽ ክፍተት ትተዋለች። ስፌቱ ከምስሉ ጥቂት ካሬዎች ርቆ ይሄዳል፤ ከስፌቱ ውጪም አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ይቀራል። ከመገልበጡ በፊት ማዕዘኖቹ በሰያፍ ይቆረጣሉ፤ አለዚያ የተደራረበው ጨርቅ ማዕዘኑን ያደናብሰዋል። በመጨረሻ ተጠቅጥቆ ክፍተቱ በስውር ስፌት ይዘጋል።

ጠፍጣፋ አጨራረስ፦ ሁለት እኩል ካርቶኖች ስስ ስፖንጅ ወይም ጥጥ ይለብሳሉ። በአንዱ ላይ ጥልፉ፣ በሌላው ላይ የጀርባው ጨርቅ ይወጠራል። ጨርቁን በማጣበቂያ ከመያዝ ይልቅ ጠርዞቹን ከኋላ በክር ወዲያና ወዲህ እየሳቡ ማሰር ይሻላል፤ ሲያጋድል ፈትቶ ማስተካከል ይቻላልና። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተሰፍተው መገጣጠሚያቸው በተገመደ ክር ይሸፈናል።

ባለ ስምንት ማዕዘን ትራስ፦ ሁለት እኩል ካሬ ጨርቆች የአንዱ ማዕዘን በሌላው ጎን መሐል ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይጋጠማሉ። ዙሪያው ሲሰፋ ቅርጹ በራሱ ይጣመማል፤ መሐሉም በቁልፍ ወይም በዶቃ ይታሰራል።

በቀዳዳማ ወረቀት ላይ የተሠራ ጌጥ፦ ወረቀቱ ስለማይተረተር ገበር የግድ አያስፈልገውም። ከጥልፉ ዙሪያ አንድ ካሬ ተትቶ በመቀስ ይቆረጣል። ለጀማሪ የሚመከረው ይህ ነው።

ስብስብ

ሰብሳቢዎች ጌጦችን በዓመት፣ በንድፍ አውጪ ወይም በርዕስ፣ ለምሳሌ በወፎች፣ በቤቶች ወይም በገና አባት፣ ይለያሉ። ሌሎች ደግሞ ልጅ ሲወለድ ወይም ቤተሰብ አዲስ ቤት ሲገባ መታሰቢያ የሚሆን ይጠልፋሉ። ጥልፍ ሠሪዎች እርስ በርስ ጌጥ የመለዋወጥ ልማድም አላቸው።

በገበያ ላይ የአንድ ጌጥ ዋጋ ከወሰደው ሰዓት ጋር ብዙ ጊዜ አይመጣጠንም። ዋጋውን የሚጠብቅለት ታሪኩ ነው፦ ማን፣ መቼና ለማን ሠራው የሚለው። ከላይ የተጠቀሰው የ1598ቱ ሳምፕለር የማን እንደሆነ የታወቀው ስምና ዓመት ስለተጠለፈበት ነው። ስለዚህ የሠሪው ስም የመጀመሪያ ፊደላትና ዓመቱ በጥልፉ ጥግ ወይም በገበሩ ላይ ይጠለፋሉ። ይህ የሚደረገው ከመጨረስ በፊት ነው፤ ትራሱ ከተጠቀጠቀ በኋላ ማስገባቱ አስቸጋሪ ነው። ስም የሌለው ጌጥ ሠሪው ካለፈ በኋላ በቤተሰቡ ውስጥ እንኳ ማንነቱ ሊጠፋ ይችላል።

አቀማመጥ

ጌጦቹ በዓመት የሚታዩት ለጥቂት ሳምንታት ስለሆነ ዕድሜያቸውን የሚወስነው የቀሩት ወራት አቀማመጥ ነው። የፀሐይ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዛል። ተራ ካርቶንና ጋዜጣ በውስጣቸው ያለው አሲድ ጨርቁን ስለሚያወይብ አሲድ በሌለው ወረቀት መጠቅለል ይመረጣል። የታሸገ ፕላስቲክ ከረጢት እርጥበት ይዞ ሻጋታ ያመጣል፤ የተረሳ መርፌ ወይም ስፒል ደግሞ ይዝጋል፤ የዝገቱም ነጠብጣብ በቀላሉ አይለቅም። በሱፍ ክር የተሠሩት ከብል መጠበቅ አለባቸው። ጌጦቹ ሳይደራረቡ በሣጥን ይቀመጣሉ፤ በጣሪያ ሥርና በምድር ቤት ግን ሙቀትና እርጥበት ስለሚለዋወጥ አይመከርም።