በፒክአፕ ጀርባ የምትጫን ቀላል ማደሪያ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንዲት ትንሽ ቤት ነው። ይህች ቤት መሠረት የላትም። የፒክአፕ መኪና ጀርባ ላይ ትጫናለች። መኪናው ሲሄድ አብራ ትሄዳለች፤ መኪናው ሲቆም ሰው ይተኛባታል። እርሳስና ወረቀት ያዙ፤ ዛሬ ሂሳብ አለ።

«ይህ የሀብታም መዝናኛ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ለአንዳንዱ መዝናኛ ነው፤ ለሌላው ግን የሥራ ዕቃ ነው። እስቲ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ እናስብ። አሮጌ ፒክአፕ አለው። ደንበኞቹ መቂና ባቱ አካባቢ በሞተር ፓምፕ ውሃ እየሳቡ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ስለሚነሳ ለእሱ ቅርብ ነው። በዚያ ሄዶ ሞጆ ሲደርስ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። መንገዱስ ደህና ነው። ችግሩ ማደሪያው ነው። ፓምፕ ተበላሽቶ አትክልቱ ውሃ ሲጠማው ጠጋኙ ማታም ቢሆን ይሠራል። ሲጨርስ መሽቷል። ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብሎ ያድርና በማግስቱ መሪ ይይዛል። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ቀን መሪ ላይ ይተኛል። ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም።

ተንቀሳቃሽ ቤት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የሶማሌ አርብቶ አደሮች «አቃል» የሚባል ቤት አላቸው። ቀጫጭን እንጨት ጎብጦ በቅስት መልክ ይተከላል፤ በላዩ ላይ የተሠራ ሰሌን ይለብሳል። ሠሪዎቹ ሴቶች ናቸው። ከብቱ ወደ ሌላ ግጦሽ ሲሄድ ቤቱን ፈትተው ግመል ላይ ይጭኑታል። ታዲያ እነዚህ ሴቶች ወፍራም ግንድ ለምን አይጠቀሙም? ግመሉ የሚችለው ልክ ስላለው ነው። መኪናም እንደ ግመል ነው። ልዩነቱ፣ ግመል ሲበዛበት ይጮኻል ወይም አልነሳም ይላል። መኪና ግን ዝም ብሎ ይሸከምና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይደክማል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመኪናችሁን ልክ እወቁ። ሊብሬውን አውጡ። በውስጡ የጭነት ልክ ተጽፏል፤ ራሳችሁ አንብቡት፤ ሰው አያንብብላችሁ። ለምሳሌ 800 ኪሎ ግራም ይላል እንበል። ለጥንቃቄ የሰዎቹንም ክብደት ከዚሁ ቀንሱ። ጠጋኙና ረዳቱ 140 ኪሎ ይሆናሉ። መሣሪያና መለዋወጫ ፓምፖች 450 ኪሎ። አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ውሃ 25 ኪሎ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ስንቅ 35 ኪሎ። ደምሩት፦ 650 ይመጣል። ከ800 ላይ 650 ሲቀነስ 150 ይቀራል። ቤቷ ከ150 ኪሎ መብለጥ የለባትም ማለት ነው።

አሁን ቤቷን እንለካ። የፒክአፑ የጭነት ሳጥን «ካሶኒ» ይባላል። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ትልቅ ሳጥን ማለት ነው። ጋራዥ ውስጥ የምንሰማቸው ብዙ ቃላት ከዚያው የመጡ ናቸው። ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ ላይ ርዝመቷን 2.2 ሜትር፣ ስፋቷን 1.5 ሜትር፣ ከፍታዋን 1 ሜትር እናድርግ። 2.2 ሜትር ማለት ሁለት ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነው። የደብል ጋቢና ካሶኒ ግን አጭር ነው፤ 1.5 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። እዚያ ላይ እግር ዘርግቶ ለመተኛት የኋላውን መዝጊያ አውርዶ በላዩ ማስረዘም ያስፈልጋል።

ጣሪያው 2.2 በ1.5 ሲባዛ 3.3 ካሬ ሜትር ነው። አንዱ ጎን 2.2 በ1፣ ማለት 2.2 ካሬ፤ ሁለቱ ጎኖች 4.4። ፊትና ኋላው እያንዳንዱ 1.5፤ ሁለቱ 3። ሁሉም ሲደመር 10.7 ካሬ ሜትር ይሆናል። ወለሉ የካሶኒው ወለል ራሱ ነው።

ብዙ ሰው ወደ በያጅ ይሄዳል፤ ብረት ጠንካራ ነዋ! አዎ፣ ጠንካራ ነው። ግን አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል። 10.7 በ8 ሲባዛ 86 ኪሎ ያህል ነው። ማቀፊያው ባለ 4 በ4 ሳንቲ ሜትር የብረት ቱቦላሬ ይሁን፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ተኩል ከሆነ አንዱ ሜትር 1.8 ኪሎ ገደማ ነው። 35 ሜትር ቢፈጅ 63 ኪሎ። 86 እና 63 ስንት ነው? 149። ገና በር አልተሠራም፤ ቀለም አልተቀባም። ልኩ አለቀ።

ችፑድስ? ባለ 18 ሚሊው በካሬ ሜትር ከ12 ኪሎ በላይ ነው፤ ከላሜራውም ይብሳል። ውሃ ከነካው ደግሞ ወተት ውስጥ እንደገባ ዳቦ ያብጣል። ተዉት።

የሚሻለው ኮምፔንሳቶ ነው። ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ቅጠሎች ተደራርበው በኮላ የተጣበቁበት ሰሌዳ ነው። የአንዱ ቅጠል ጭረት በቁመት ከሄደ የሚቀጥለው በአግድም ይሄዳል፤ ስለዚህ በቀላሉ አይሰነጠቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች «ሞስኪቶ» የሚባል የጦር አውሮፕላን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 ነው መጀመሪያ የበረረው። የአውሮፕላኑ አካል ባብዛኛው እንጨት ነበር። በሁለት ኮምፔንሳቶ መካከል ባልሳ የሚባል እጅግ ቀላል እንጨት ተጣብቆ ነው የተሠራው። ሁለት ስስ ነገሮች በመካከላቸው ቀላል ነገር ይዘው አንድ ላይ ሲጣበቁ ለየብቻቸው ከነበሩት በጣም ይጠነክራሉ።

እኛም ይህንኑ እናድርግ። በውጭ ባለ 4 ሚሊ፣ በውስጥ ባለ 3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ። በመካከላቸው ነጭ ፎም፣ ያው ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት። ፎሙ ብርድም ይከላከላል። ሁለቱ ኮምፔንሳቶዎች አንድ ላይ በካሬ ሜትር 4.2 ኪሎ ያህል ናቸው፤ በ10.7 ሲባዛ 45 ኪሎ። ማቀፊያው 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ ቀላል እንጨት ነው፤ 35 ሜትሩ ወደ 21 ኪሎ። ፎሙ 5 ኪሎ። ኮላ፣ ብሎን፣ ጨርቅና ቀለም 10 ኪሎ። ድምሩ 81 ኪሎ ነው። ከ150 ላይ ቀንሱት። 69 ኪሎ ተረፈን።

ጨርቅ ያልኩት አቡጀዲ ነው። ከውጭ በኩል ኮምፔንሳቶው ላይ ኮላ ቀቡ፤ አቡጀዲውን ወጥራችሁ ለጥፉ፤ በደንብ ሲደርቅ የውጭ የዘይት ቀለም ሦስት ጊዜ ቀቡት። መገጣጠሚያውን ሁሉ ይሸፍናል፤ ዝናብ አያስገባም። ጣሪያውን ዝርግ አታድርጉት። መካከሉ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ውሃው ይወርዳል፤ እንደ አቃሉ ቅስት ደግሞ ይጠነክራል።

ቤቷን የት ነው የምንሠራው? ኮንዶሚኒየም ጓሮ የለውም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ለመሥራት በመጀመሪያ የሕንፃውን ኮሚቴ አነጋግሩ፤ መጋዙም ቀን በቀን ይሁን፤ ጎረቤት ያርፋል። አምስቱን ክፍሎች፣ ማለት ጣሪያውን፣ ሁለቱን ጎን፣ ፊቱንና ኋላውን፣ ለየብቻ ሠርታችሁ በብሎን የሚገጣጠሙ አድርጓቸው። ከባዱ ክፍል ከ25 ኪሎ ስለማይበልጥ ሁለት ሰው በቀላሉ ያነሳዋል። ፈትታችሁ ወደ ፎቅ የምታወጡት ከሆነ ግን እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። ኮሪደር ላይ አታቁሙት፤ የሰው መውጫ ነው።

ስትጭኑ በገመድ አትመኑ። አራቱን ማዕዘን በወፍራም ብሎን ከካሶኒው ጋር እሰሩ፤ ከሥሩ አሮጌ የጎማ ላስቲክ አድርጉ፤ ንቅናቄውን ይውጣል። በፈጣን መንገድ ላይ ትልቅ መኪና ሲያልፋችሁ የሚመጣው ነፋስ ቀላል ሳጥን ያነሳል። ቀላልነት ይህች ጉድለት አለችበት፤ መድኃኒቷ ብሎን ነው። ከፍታዋ ከጋቢናው እኩል ይሁን። ፍራሹ በአንድ ጎን 70 ሳንቲ ሜትር ይያዝ፤ የቀረው 80 ለመሣሪያ ነው። ከባዱ ፓምፕ ታች ወለሉ ላይ፣ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ይታሰር። የኋላ መብራትና ታርጋ አይሸፈን። መኪናው ሲሄድ ደግሞ ማንም ሰው ውስጧ አይቀመጥ።

አሁን የምነግራችሁን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ቤቷ ትንፋሽ ያስፈልጋታል። በአንዱ ጎን ከታች፣ በሌላው ጎን ከላይ፣ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ክፈቱ። ትንኝ እንዳይገባ ወንፊት አድርጉበት። ሲበርዳችሁ ቀዳዳውን በጨርቅ አትድፈኑ። የከሰል ምድጃ በፍጹም ውስጥ አታስገቡ፤ ጭሱ ከወጣ በኋላም አታስገቡ። የጋለ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። መልክ የለውም፤ ሽታ የለውም። የተኛ ሰው ራሱን ሳያውቅ ይሞታል። ፎሙም እሳት ወዳድ ነው። ሞተር አስነስቶ መተኛትም ያው ነው፤ ከማርሚታው የሚወጣው መርዝ ይኸው መርዝ ነው። ምግብ ውጭ ይብሰል። ራሱን ያመመው፣ ያዞረው ወይም ያቅለሸለሸው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ሐኪም ቤት አድርሱት።

ሲያልቅ በመጀመሪያው ቀን ሩቅ አትሂዱ። ግቢ ውስጥ አቁሟትና ሦስት ባልዲ ውሃ ጣሪያዋ ላይ አፍስሱ። ውስጥ ገብታችሁ በባትሪ እዩ። ያረጠበ ቦታ ካለ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ሲደርቅ ደግማችሁ ቀቡት። ከዚያ አንድ ሌሊት እዚያው እደሩባት። የመጀመሪያውን 20 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና አራቱን ብሎኖች በቁልፍ ደግማችሁ አጥብቁ። ብሎን መጀመሪያ ላይ ይላላል።

የቤት ሥራ። አንዲት ሴት ነጋዴ ፒክአፕ አላት። የሊብሬዋ ልክ 700 ኪሎ ነው። እሷና ሾፌሩ 130 ኪሎ፣ ዕቃዋ 400 ኪሎ፣ ውሃና ስንቅ 45 ኪሎ ይመዝናሉ። የዛሬዋን 81 ኪሎ ቤት መጫን ትችላለች ወይስ አትችልም? ስንት ኪሎስ ይተርፋታል? በደብተራችሁ ሠርታችሁ ጠብቁን። በሚቀጥለው ጊዜ መልሱን ይዘን እንመጣለን። ደህና ሰንብቱ።