ርካሹ ክኒን ለምን ይጠፋል?

አየር ጤና ታክሲ ተራ ላይ ሰው ድንገት ወድቆ ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት «ክብሪት!» የሚል ነው። አንዱ ጭሮ ጭሱን ያስሸትተዋል፣ ሌላው ጥርሱ መሃል ማንኪያ ሊያስገባ ይታገላል፣ ዳር የቆመው ደግሞ «እንዳትነኩት፣ ይጋባል» ይላል። የሚጥል በሽታ አይጋባም፤ ማንኪያውም ጥርስ ከመስበር በቀር አይረባም። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ደቂቃ በራሱ ይቆማል፤ ምስጋናው ግን ለክብሪቱ ይሆናል። በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱ ሥር ጃኬት ማድረግና ሰዓት ማየት ይበቃል። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

በአየር ጤና የሚያልፈው የጅማ መንገድ ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ ይገነጠላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እዚያ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰው ያለበትን የገጠር ማኅበረሰብ አጠኑ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሆነው ተገኙ፤ ከሺህ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። የሚያስደነግጠው ሌላው ቁጥር ነው፦ ትክክለኛውን መድኃኒት የሚወስዱት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሰው ሲቆጠር አምስት።

መድኃኒቱ ግን ያኔም አዲስ አልነበረም። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን እ.ኤ.አ. በ1912 ለእንቅልፍ ይሰጥ የነበረው ፌኖባርቢታል መንቀጥቀጥንም እንደሚቀንስ ጽፎ አሳውቋል። ማታ ማታ አንዴ ይዋጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የዓመት ሕክምና በ5 ዶላር ሊሸፈን እንደሚችል፣ በአግባቡ ከታከሙት 70 በመቶው ከመውደቅ ሊገላገሉ እንደሚችሉ ይናገራል። ያፈዛል፣ አንዳንድ ሕፃን ላይ ቅብጥብጥነት ያመጣል፤ እንዲያም ሆኖ ለደሃ አገር ከእሱ የሚቀርብ የለም።

ታዲያ ለምን ይጠፋል? አንዱ ምክንያት ወረቀት ነው። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ የሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ የሚሠሩ) መድኃኒቶች ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሚውል ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም፣ እንደ ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ሌላው፣ በእኔ ግምት፣ ርካሽነቱ ራሱ ነው፤ ትርፉ ቀጭን የሆነ ክኒን አስመጪ አያሯሩጥም። ከዘነበወርቅ እስከ መርካቶ ፋርማሲ ለፋርማሲ የምትዞር እናት «የለም፣ ሰሞኑን አልገባም» የሚለውን መልስ በቃሏ ታውቀዋለች።

ይህ እንደ ሌላው መድኃኒት እጥረት አይደለም። ፌኖባርቢታል ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ መውደቁ ብሶ፣ ተደጋግሞና ሳይቋረጥ ሊመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። በወር መጨረሻ ያለቀባት ልጅ ካልጀመረችው የባሰ አደጋ ላይ ልትወድቅ ትችላለች።

ክኒኑ ሳይጠፋም የሚቋረጥበት ጊዜ አለ፤ «ጠበል ከገቡ መድኃኒት ይቆማል» በሚል። የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ያ ቃል ስንቱን አትርፏል። ለሚጥል በሽታ እንዲህ ያለ ድምፅ ከዓውደ ምሕረት ቢሰማ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ጉባኤ ስለሚጥል በሽታም ያጸደቀው ዕቅድ በ2031 በሽታው ከታወቀላቸው ታማሚዎች 80 በመቶው መድኃኒት እንዲያገኙ ይላል። እስከዚያ ድረስ ጤና ጣቢያዎች ለተረጋጋ ታማሚ የአንድ ወር ሳይሆን የሦስት ወር ክኒን በአንዴ ቢሰጡ፣ ቢያንስ ያቺ እናት በዓመት አሥራ ሁለቴ ሳይሆን አራቴ ትሰለፋለች።