ለቤት ኮምፒዩተር የሚስማማ ክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና እንዴት እንመርጣለን?

ኮምፒዩተር ብረቱና ፕላስቲኩ ብቻውን አይሠራም። ከቁልፍ ሰሌዳው ፊደል ተቀብሎ በስክሪኑ ላይ የሚያሳይ፣ ፋይሉን በሃርድ ዲስኩ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ማተሚያውን የሚያዝዝ፣ ከሁሉም ፕሮግራሞች በታች ሆኖ የሚሠራ አንድ ዋና ፕሮግራም አለ። ይኸውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛ ሥርዓተ ክወና የሚባለው ነው። በአብዛኛዎቹ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የሚታወቀው ዊንዶውስ ነው፤ ይሁን እንጂ ብቸኛው አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ጀማሪ የሆነ መምህር ወይም ተማሪ ያለ ክፍያ ሊገለገልበት የሚችል ክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና እንዴት እንደሚመርጥ እንመለከታለን።

ጉዳዩን አንገብጋቢ ያደረገው ምንድን ነው? የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ቀጣዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ ክፍልና በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት ጤነኛ የሆኑ ብዙ ኮምፒዩተሮች ያለ ጥበቃ ቀርተዋል። አንዳንዶች መፍትሔ ያገኙ እየመሰላቸው ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ከሰው ተውሰው ይጭናሉ። ይህ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ቫይረስን በፍላሽ ዲስክ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤትም ወደ ቤት የሚያመላልስ ነው።

ምሳሌ እንዲሆነን በድንበር ከተማዋ በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል በጎዶማ የሚኖር ቤተሰብ እንዳለ አድርገን እናስብ። ቤተሰቡ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አለው። ልጆቹ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ይጽፋሉ፤ በቤት ቦረንኛ ይነጋገራሉ፤ አባትየው በኢትዮጵያ በኩል ካሉት ዘመዶቹ ጋር የሚጻጻፈው በአማርኛ ነው። ሞያሌ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ የሚፈልገው በአሮጌ መሣሪያ ላይ የሚሠራ፣ በቀላሉ የማይበላሽ፣ ፊደላቱን ሁሉ የሚጽፍና ኢንተርኔትን ብዙ የማይበላ ሥርዓተ ክወና ነው።

ክፍት ምንጭ ማለት ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ማንኛውም ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጻፈው ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል ኮድ ነው። ይህን ኮድ ማንም ሰው እንዲያነበው፣ እንዲያርመው፣ እንዲያባዛውና ለሌላው እንዲያድለው ሲፈቀድ ፕሮግራሙ ክፍት ምንጭ ይባላል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ አስታወቀ። በ1991 ደግሞ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሥርዓተ ክወናውን እምብርት ሊኑክስን ጽፎ ለሕዝብ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ከየአገሩ አሳደጉት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይህ ነው።

ሊኑክስ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በብዙዎቻችን ኪስ ያለው አንድሮይድ ስልክ እምብርቱ ሊኑክስ ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮግራም አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የታደሉት ትንንሽ ላፕቶፖችም የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር።

ሊኑክስን የተለያዩ ቡድኖች ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አቀናብረው በተለያየ ስም ያወጡታል። ለጀማሪ ከሚስማሙት መካከል ሦስቱን እናነሳለን።

1ኛ. ሊኑክስ ሚንት፦ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ነው። የፕሮግራሞቹ ዝርዝር እንደ ዊንዶውስ ከታች በስተግራ ስለሚከፈት ከዊንዶውስ የመጣ ሰው አይደናገርም። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ይጠይቃል፤ 4 ቢሆን ይመረጣል። የሚወርደው ፋይል 3 ጊጋባይት ያህል ነው። ሲናሞን፣ ማቴና ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ የተባሉ ሦስት እትሞች ሲኖሩት ለደካማ መሣሪያ የሚሻለው የመጨረሻው ነው።

2ኛ. ኡቡንቱ፦ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው ሲሆን ስሙ በደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብአዊነት ማለት ነው። ተጠቃሚው ብዙ ስለ ሆነ ለሚያጋጥም ችግር ምላሽ ማግኘት ይቀላል። በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው የረጅም ጊዜ እትሙ የ5 ዓመት መደበኛ እድሳት አለው። ነገር ግን የሚወርደው ፋይል 6 ጊጋባይት ያህል ነው፤ በ4 ጊጋባይት ሜሞሪ ይጨናነቃል፤ 8 ያለው መሣሪያ በምቾት ያሠራዋል።

3ኛ. ሉቡንቱ፦ የኡቡንቱ ቤተሰብ ሆኖ ለአነስተኛ ሜሞሪ የተዘጋጀ ነው። መልኩ እምብዛም አያምርም፤ 2 ጊጋባይት ብቻ ላለው ላፕቶፕ ግን ባለውለታ ነው።

ሦስቱም ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፈልጋሉ። ባለ 32 ቢት በሆነ እጅግ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አዳዲሶቹ እትሞች አይጫኑም።

ስለ አማርኛ ጽሕፈት ጥቂት እንጨምር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ሊኑክስም ያነበዋል፣ ይጽፈዋልም። በማስተካከያው ውስጥ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ይጨመራል። በድምፅ መጻፍ የሚወድ ሰው ተጨማሪ የጽሕፈት መሣሪያ ከኢንተርኔት አውርዶ በላቲን ቁልፎች ይጽፋል፤ ለምሳሌ «ሰላም» በአምስት ቁልፎች ይወጣል። ቦረንኛና ስዋሂሊ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ የተለየ ዝግጅት አያሻቸውም። መምህራን ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር ግን አለ። ቀድሞ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፊደላት የተጻፉ የፈተና ወረቀቶች በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ዊንዶውስን ከመተው በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይገባል። እንዲሁም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የግድ አስፈላጊ ፕሮግራም ያለው ሰው ዊንዶውሱን ሳያጠፋ ሊኑክስን በጎኑ ቢጭን ይሻላል። ለተራ የጽሑፍና የውጤት ሥራ ግን ከሊኑክስ ጋር የሚመጣው ሊብሬ ኦፊስ በቂ ነው።

የተመረጠው ሥርዓት ለመሣሪያው መስማማቱ የሚታወቀው ሲሞከር ነው። የወረደው ፋይል ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ባለው ባዶ ፍላሽ ላይ ይጻፋል። ፍላሹ ተሰክቶ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ፣ እንደ ሥሪቱ ኤፍ 12፣ ኤፍ 2 ወይም ኢስኬፕ የተባለው ቁልፍ ይነካል። በዚህ ጊዜ ሊኑክስ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይሠራል። ሞካሪው ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ማተሚያውንና የቁልፍ ሰሌዳውን አንድ በአንድ ይፈትሽ። ካልተስማማው ፍላሹን ነቅሎ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የጠፋ ነገር የለም።

ለመጫን ከወሰነ ግን አስቀድሞ ፋይሎቹን ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጥ። «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን ምርጫ ሳያነብ የሚነካ ሰው የዓመታት ሥራውን በደቂቃ ያጣል፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላልና። መብራት በመካከል ቢቋረጥ መሣሪያው እንዳይጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ የሞላ ይሁን።

እንግዲህ በምሳሌ ላነሣነው ለጎዶማው ቤተሰብና ለመሰሎቹ የትኛው ይሻላል? በእኛ አስተያየት ባለ ኤክስ ኤፍ ሲ ኢው ሊኑክስ ሚንት ይቀድማል፤ ሜሞሪው ይበቃዋል፣ ፋይሉ ከኡቡንቱ ግማሽ ያህል ነው፣ መልኩም ለጀማሪ አይከብድም። ይሁን እንጂ በአካባቢው ኡቡንቱን የሚያውቅና የሚረዳ መምህር ካለ፣ የመሣሪያውም አቅም ከፈቀደ ኡቡንቱን መምረጥ ተገቢ ነው። ከዝነኛው ሥርዓት ይልቅ በቅርብ የሚጠየቅ ሰው ያለበት ሥርዓት ለጀማሪ ይጠቅማልና።

በዚህ ረገድ የመምህራን ድርሻ ከፍ ያለ ነው። አንድ መምህር አንድ ጊዜ ያወረደውን ፋይል ለመቶ ተማሪዎች ቢያባዛ ፈቃዱ ስለሚፈቅድለት ሕግ አልጣሰም። የኢንተርኔት ዋጋ ለከበደባቸው ወላጆችም ትልቅ እፎይታ ነው። የኮምፒዩተር ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አንድ የተፈተሸ ፍላሽ አዘጋጅተው ቢያስቀምጡ፣ «አርጅቷል» ተብሎ ጥግ የተቀመጠ ላፕቶፕ እንደገና የተማሪ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የማወቅ ጉጉት ያለው ተማሪም ፕሮግራሙን ከመጠቀም አልፎ ኮዱን ከፍቶ እንዴት እንደ ተሠራ የመመርመር ዕድል ያገኛል።