በሞላ ኃይል ስለሚተኵሱ ጥንታውያን የዒላማ ጠበንጃዎች ጥገናና አያያዝ

ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ መሣሪያ ሁሉ ሁለት ጠላት አለው፤ አንደኛው ተረስቶ መቀመጥ፤ ሁለተኛው ያለ ዕውቀት መነካት ነው። የሚከፋውም ሁለተኛው ነው። የተረሳ ዕቃ አንድ ቀን አስታዋሽ ያገኛል፤ በችኰላ የተበላሸውን ግን የሚመልሰው የለም። ይህንኑ ለማስረዳት በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን በሞላ ኃይል አየር እያመቁ ስለሚተኵሱት የጀርመን የዒላማ ጠበንጃዎች ለመጻፍ አስበናል።

በደቡብ ጀርመን በኔካር ወንዝ ዳር ኦበርንዶርፍ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አባቶቻችን በስሙ የሚያውቁት የማውዘር ጠበንጃ ይሠራ የነበረው በዚህች ከተማ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1945 ዓ.ም. ጀርመን ድል በሆነች ጊዜ ከተማዪቱ በፈረንሳይ ጦር እጅ ገባች፤ ጀርመኖችም የጦር መሣሪያ እንዳይሠሩ ተከለከሉ። በማውዘር ቤት ሲሠሩ የነበሩት ካርል ቬስቲንገርና ኤርንስት አልተንቡርገር ግን ዕውቀታቸውን ይዘው ፋይንቬርክባው የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ከዚህም ድርጅት በ1960ዎቹ ሞዴል 150፤ ከዚያም ሞዴል 300 የተባሉት የዒላማ ጠበንጃዎች ወጡ። በኡልም ከተማ ቫልተርና አንሹትስ፤ በራሽታት ከተማ ደግሞ ዲያና ተወዳዳሪዎቻቸው ነበሩ።

የጨዋታው ሥርዐት እንዲህ ነው። ተኳሹ ቆሞ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ወዳለው ዒላማ ስፋቷ 4.5 ሚሊሜትር፤ ክብደቷም ግማሽ ግራም ያህል የሆነች የእርሳስ ጥይት ይተኩሳል። በዛሬው ደንብ የዒላማው መካከለኛ ነጥብ ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህ ውድድር በ1966 ዓ.ም. በቪስባደን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ላይ ገባ፤ በ1984 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ጨዋታ ሆነ። በዚያን ጊዜ ግን አየሩን አስቀድመው አምቀው የሚይዙ ጠበንጃዎች ብልጫ እያገኙ ስለ ሄዱ፤ ባለ ሞላዎቹ ከውድድር ሜዳ ወጥተው ለልጆችና ለሰብሳቢዎች ተረፉ።

አሠራራቸው ለሚመለከተው ሰው የሚያስደንቅ ነው። በጎን ያለው ማንሻ ወደ ኋላ ሲሳብ ጠንካራውን ሞላ ይጨቍነዋል፤ ፒስቶኑም በጥርስ ተይዞ ይቀመጣል። ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስቶኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ በፊቱ ያለው አየርም ታምቆ ጥይቲቱን ይገፋታል። ነገር ግን ፒስቶኑ ወደ ፊት ሲወረወር ጠበንጃው ወደ ኋላ ስለሚገፋ፤ ጥይቲቱ ከአፈሙዙ ሳትወጣ ማነጣጠሩ ይናጋል። ይህን ችግር እያንዳንዱ ቤት በራሱ ብልኀት ፈታው። ፋይንቬርክባው ብረቱ በሰደፉ ላይ ወደ ኋላ እንዲንሸራተት አደረገ፤ ተኳሹም ግፊቱ አይሰማውም። ዲያና ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ፒስቶኖችን አገናኘ፤ አንሹትስ ደግሞ በሞዴል 250 ግፊቱን በዘይት አበረደው።

እንግዲህ ብረታቸው ብዙ ዘመን ይኖራል፤ የሚያረጀው በውስጣቸው የተሸሸገው ትንሹና ለስላሳው ክፍል ነው። አየር እንዳያመልጥ የተደረገው ማሸጊያና የፒስቶኑን ምት የሚያበርደው ክፍል በዚያን ዘመን ከተሠሩበት ነገር የተነሣ ከጊዜ ብዛት ይፈረፈራሉ። ስለዚህ ውጪው እንደ መስታወት የሚያበራ ጠበንጃ ውስጡ የፈረሰ ሊሆን ይችላል። የተኩሱ ኃይል ቢደክም፤ ድምፁ ደረቅ የብረት ምት ቢሆን፤ ወይም ቡናማ ፍርፋሪ ቢወጣ፤ ባለቤቱ መተኰሱን ወዲያው ያቁም። ብረት ከብረት ጋር ሲማታ በጥቂት ሳንቲም ይጠገን የነበረው ወደማይጠገን ይለወጣልና።

ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ስለዚህ እነዚህን እንመክራለን። ጥይት ሳይገባበት አይተኰስ፤ ፒስቶኑን የሚያበርደው በጥይቲቱ ኋላ የሚታመቀው አየር ነውና። ወደ አየሩ ቤት ዘይት አይጨመር፤ በታመቀው አየር ሙቀት ተቀጣጥሎ ሞላውንና ማሸጊያውን ይጐዳል። ሞላው ተጨቁኖ አይቀመጥ። ጥይት በሚገባበት ጊዜ ማንሻው በእጅ ይያዝ፤ ጥርሱ ቢያመልጥ ጣት ይቈርጣልና። የሚፈታም ሰው ሞላው በውስጡ እንደ ተጨቈነ መሆኑን አይርሳ፤ አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ከሌለው ለባለሙያ ይስጥ።

ለመሰብሰብ የሚሻ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ። ሰደፉን ፍቆ አዲስ ቫርኒሽ መቀባት፤ ብረቱንም እንደ ገና ማጥቈር የጠበንጃውን ታሪክ መፋቅ ነው። በሰደፉ ላይ ያለው የጉንጭ ወዝና የእጅ ምልክት ባለቤቱ ስንት ሺሕ ጊዜ እንደ ቆመ የሚመሰክር ነው። ማሸጊያው ይለወጥ፤ ዝገቱ በቀስታ ይጠረግ፤ ሌላው ይቈይ። የተለወጠውም አሮጌ ክፍል አይጣል፤ ከማነጣጠሪያው ዕቃዎችና ከተሠራው ሥራ ዝርዝር ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጥ።

የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ይህ መሣሪያ ለሕፃን መጫወቻ አለመሆኑን ይወቁ። በጀርመን አገር እንኳ ኃይሉ ከ7.5 ጁል የማይበልጠውን ለመያዝ 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። በየትም አገር ያለ ሰው አስቀድሞ የአገሩን ሕግ ይጠይቅ፤ ጠበንጃውንም ከጥይቱ ለይቶ ይቈልፍበት።

ከዚህ በኋላ ልጁ ዕድሜው ሲደርስ አባቱ አጠገቡ አስቀምጦ ሥራውን ያሳየው፤ ማሸጊያው የት እንዳለ፤ ምን እንደሚጐዳው፤ መቼ እጅን መሰብሰብ እንደሚገባ ያስረዳው። ያለዚህ ትምህርት የተላለፈ ጠበንጃ የሚያምር ብረት ብቻ ነው፤ ከትምህርቱ ጋር የተላለፈ ግን በልጅ ልጅም እጅ ዒላማውን ያገኛል።