ለድሬዳዋ ተማሪ የሚከፍለው ማነው?

መስከረም ሲጠባ የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ በደብተርና በዩኒፎርም ጨርቅ ገዢ ይደራል። ወላጅ ይህን ሸምቶ እፎይ ሳይል ደግሞ ከትምህርት ቤት የመዋጮ ጥያቄ ሊመጣበት ይችላል። በመንግሥት ትምህርት ቤት መማር ነፃ ነው ከተባለ መዋጮው ከየት መጣ?

ነፃ ትምህርትን ሕገ መንግሥቱ የሰጠው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን ትምህርት በነፃ ይሰጣል አይልም። አንቀጽ 41 ዜጎች በመንግሥት ገንዘብ ከሚካሄዱ አገልግሎቶች በእኩልነት እንዲጠቀሙ፣ መንግሥትም ለትምህርት የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እንዲያሳድግ ያዛል። አንቀጽ 90 ደግሞ ሁሉንም በአገሪቱ አቅም ይገድበዋል። «ነፃ» የሚለው ቃል የሚገኘው ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. በተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን ውስጥ ነው። ቃል ኪዳኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታና ነፃ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በአንቀጽ 9 መሠረትም አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት የሕጓ አካል ነው።

መዋጮው የገባው በሌላ በር ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የአመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ኅብረተሰቡ በገንዘብ፣ በጉልበትና በቁሳቁስ ትምህርት ቤቱን እንዲደግፍ ፈቅዷል። ድጋፉ በፈቃደኝነት ነው። ይሁንና የወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ጠርቶ እጅ ወጥቶ የተወሰነ መዋጮ ለቀን ሠራተኛው ከግብር ብዙም አይለይም።

መዋጮውን ያቃልላል ተብሎ የታሰበው በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት ድጎማ ነበር። የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች በደገፉት በዚያ ፕሮግራም ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ አንድ ተማሪ በዓመት 50 ብር ተመደበ። አንድ ዶላር ያኔ ከ13 ብር በታች ስለነበር 50 ብር 4 ዶላር ገደማ ይሆን ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ያው 50 ብር ግማሽ ዶላር እንኳ አይሞላም። ወረቀት ከውጭ ለሚያስመጣ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ ድሬዳዋ ላይ ሲደርስ የባሰ ይወሳሰባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 ከዘረዘራቸው 9 ክልሎች መካከል ድሬዳዋ የለችም፤ አንቀጽ 49ም የሚናገረው ስለ አዲስ አበባ ብቻ ነው። የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ ያነሱባት ይህች ከተማ የምትተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በተሰጣት ቻርተር ሲሆን ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት ነው። የትምህርት ደረጃን የሚያወጣው ፌዴራል መንግሥት ነው፤ የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍለው ግን አስተዳደሩ ነው።

ገቢውስ? በአንቀጽ 96 መሠረት የጉምሩክ ቀረጥ የፌዴራል ነው። የባቡር ትራንስፖርት ገቢ ግብርም እንደዚሁ። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ደርሶ የቆረቆራት፣ ዛሬም የነፃ ንግድ ቀጣና ያላት ከተማ በደጇ ከሚያልፈው ሸቀጥ የሚገኘው ቀረጥ ወደ ፌዴራል ካዝና ይሄዳል። ለአስተዳደሩ በዋናነት የሚቀሩት የነጋዴው ግብርና የሠራተኛው የደመወዝ ግብር ናቸው።

የጎደለውን የሚሞላው የፌዴራል ድጎማ ነው። የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ አንቀጽ 61 አባላቱን የመምረጥ ሥልጣን የሰጠው ለክልል ምክር ቤቶች ነው። ድሬዳዋ ክልል ስላልሆነች ምክር ቤቷ ወደዚያ ተወካይ አይልክም። ከቀመሩ ድርሻ ታገኛለች፤ ቀመሩ ሲወጣ ግን በራሷ ወንበር ተቀምጣ አትከራከርም።

ለከተማዋ የአንድ ተማሪ ወጪ ከፍ የሚልበት የራሱ ምክንያት አለ። በመጀመሪያ ደረጃ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይማራሉ፤ ይህም ሦስት ዓይነት መጽሐፍና ሦስት ዓይነት መምህር ይጠይቃል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአስተዳደሩ ሕዝብ 341,834 ሲሆን 233,224ቱ የከተማ ነዋሪ ነበር፤ ቀሪው ገጠር ተበታትኖ የሚኖር ነው። ክልሎች መጽሐፍ በብዛት አሳትመው የአንዱን ዋጋ ሲያወርዱ፣ ድሬዳዋ ያንኑ የዝግጅት ወጪ ለጥቂት ተማሪ ታካፍላለች።