ስለ ኮርች ቅጠል ዕባጭና በውስጡ ስለሚያድጉ ጥቃቅን ተርቦች

በዲላና በጌዴኦ አገር ኮርች ለቡናና ለእንሰት ጥላ የሚሆን ዛፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ቅጠሉ ቢያብጥ ግን ዛፉን ለመቍረጥ መቸኰል አይገባም፤ ከዕባጭ የሚወጣ ተርብ ሁሉ ጠላት አይደለምና።

ለዚህ የሃዋይ ደሴቶች ነገር ምስክር ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ከሁለት ሚሊሜትር የማትበልጥ ተርብ ወደዚያ ገብታ፥ በኮርች ዘመዶች ለጋ ቅጠል ውስጥ እንቍላሏን እየጣለች ብዙ ዛፍ አደረቀች። ሊቃውንትም ጠላቷን ፍለጋ ወደ አፍሪካ መጥተው፥ በታንዛኒያ ከኮርች ዕባጭ ውስጥ ሌላ ተርብ አገኙ። የዚች ዕጭ የምትበላው ቅጠሉን ሳይሆን ዕባጩን ያመጣችውን የተርቢቱን ዕጭ ነው። በ2008 ዓ.ም. በሃዋይ ተለቀቀች፤ ብዙዎቹም ዛፎች እንደ ገና አቈጠቈጡ።

ሁለቱም ከአንድ ዕባጭ ስለሚወጡ ለዓይን ያሳስታሉ። በአጕሊ መነጽር ሲመረመሩ ግን የአጥፊዪቱ እግር ጫፍ አራት አንጓ፥ የረዳቲቱ አምስት አንጓ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ክቡራን ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ሆይ፥ ከመጥረቢያና ከመርዝ በፊት ያበጠውን ቅጠል በጠርሙስ አድርጋችሁ፥ አፉን በስስ ጨርቅ አስራችሁ፥ የሚወጣውን ተርብ ሁሉ ለመርማሪ ላኩ። ሳይለዩ መርዝ መርጨት ዘበኛውን ከሌባው ጋራ መግደል ነው።